በሁዳዴ የተለመነ እንቁላል

ያን ቀን ሰንበቴው ቤት ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እናቴ ጥሩዬ፣ የበሩን መቃን ተጠግታ። ጎረቤታችን እቴ ላቀች፣ በእናቴ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ። የደብራችን ገበዝ ቄስ አየነው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። ሥዕሉን የሣሉት መሪጌታ አስረስ፣ ብሩሻቸውን ይዘው። ልጃቸው ስንዱ፣ ለማግባት የደረሰች ኮረዳ፣ የሸክላ ጣባ ታቅፋ። እና እኔ እናኑ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ማንም ውጪ ስላላለኝ እዚያው የቀረሁ። ወንድሜ ቢያድግልኝም ነበር ማለት ይቻላል፤ እሱ ግን ያለው አቡጀዲ ላይ ተሥሎ ነው፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ።

ይህ የሆነው ልጅ እያለሁ፣ ስማዳ ውስጥ በተወለድኩበት ቀበሌ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ አጻጻፌ ቢጎድል ሞልታችሁ አንብቡልኝ። ያየሁትን ግን አልጨምርበትም። ያላየሁትንም አላየሁም እላለሁ፤ ይህን የምጽፈው ያላየሁት ነገር ስላስጨነቀኝ ነውና።

እናቴ ተጠራጣሪ ሴት ነበረች። ገበያ ወርዳ ቅቤ ስትገዛ ስንጥር ሰክታ መሐሉን ሳታይ፣ ስንጥሩንም ሳታሸት አትነሣም። ማር ቢሰጧት ጣቷ ላይ አንጠባጥባ ክሩን ታያለች። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት እናንተም ከእናቶቻችሁ ሰምታችሁታል፤ እኛ ቤት ግን እንደ ጸሎት ጧት ማታ ይባል ነበር። ይኸው ዛሬ እኔም ለልጆቼ ክኒን ከመስጠቴ በፊት ወደ ብርሃን አውጥቼ አገላብጠዋለሁ። «እማ ደግሞ!» ይሉኛል። ይበሉ።

ጥርጣሬዋ እንዲህ የባሰባትን ምክንያት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ወንድሜ ቢያድግልኝ ጢሙ ገና ሲያጎነቁል፣ ወጣት ሁሉ ወገዳ ከተማ ለስብሰባ ይምጣ ተባለ። ወንድሜ አልሄድም ብሎ ነበር። «ሂድ ልጄ፣ ስብሰባ ሰው አይበላም» ብላ የሸኘችው እናቴ ናት። ከዚያ በመኪና ለውትድርና ተወሰደ። ደብዳቤ አልመጣ፣ ሞተ የሚል አልመጣ፣ አየሁት የሚል አልመጣ። በዕድሜዋ አንድ ቀን ሳትጠረጥር ቀረች፣ ያ ቀን ልጇን ይዞባት ሄደ።

በዚያን ጊዜ ገጠር ፎቶግራፍ የሚባል ነገር የለም። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ እናቴ የልጇ መልክ እየጠፋባት ሄደ። ፈትል እየፈተለች እያለ ድንገት እንዝርቱን ታስቀምጥና «እናኑ፣ ነይ እስቲ ወደ ብርሃን» ትለኛለች። አገጬን ይዛ ታየኛለች። እኔና ወንድሜ በጣም እንመሳሰላለን፤ ቅንድባችን ገጥሞ የሚሄድ ነው፣ ቀኝ ጉንጫችን ላይ ስርጉድ አለን። አይታ አይታ ስትጨርስ «ሂጂ ተጫወቺ» ትለኝና ወደ እንዝርቷ ትመለሳለች። እኔ ቅልብልቦሽ ልጫወት እሮጣለሁ፤ ስሮጥ ግን ጉንጬን በእጄ እሸፍን ነበር፤ በመታየት ብዛት የምታልቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ስለት ተሳለች። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል ለደብሩ ልታሠራ፣ ከሥሯም ቢያድግልኝ ተማኅፅኖ እንዲሣል። ይህን ልማድ ታውቁታላችሁ፤ ሥዕሉን ያሠራው ሰው፣ ወይም የተሠራለት ሰው፣ ከቅዱሱ እግር ሥር በደረቱ ተኝቶ ይሣላል፣ የክርስትና ስሙም ከጎኑ ይጻፋል። የእናቴ ሐሳብ ቀላል ነበር። እሷ የልጇን መልክ ብትረሳ እንኳ እመቤታችን ዘወትር እያየችው አትረሳውም።

መሪጌታ አስረስ ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም በኩል የመጡ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሞታባቸው ከልጃቸው ከስንዱ ጋር አንዲት አህያ እየነዱ ከደብር ደብር ይዞራሉ። ሰንበቴው ቤት ተሰጣቸውና የቆዳ ሙጫ ማፍላት ጀመሩ። የዚያ ሙጫ ሽታ! ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወንዙን ሳንሻገር ይቀበለን ነበር። እኛ ልጆች አፍንጫችንን ይዘን አጥር ላይ እንሰቀላለን፤ ስንዱ ደግሞ ከምድጃው ቀና ትልና «የሸተታችሁ ሙጫው አይደለም፤ የወንዶቹ እግር ነው» ትለናለች። ወንዶቹ ልጆች ይናደዳሉ፣ እኛ ሴቶቹ በሳቅ እንፈርሳለን። ቀዩን ከቀይ አፈር፣ ጥቁሩን ከከሰል ፈጭታ በወንፊት እየነፋች ለአባቷ የምታዘጋጅ እሷ ነበረች።

የወንድሜን ፊት ሲሥሉ ያስቀመጡት እኔን ነው። መጀመሪያ እናቴ በቃል ልትነግራቸው ሞከረች፤ «ዓይኑ ትልቅ ነው» ስትል «ትልቅ አድርጌዋለሁ»፣ «እንዲህ ያለ ትልቅ አይደለም» ስትል «እመይቴ፣ በሥዕል የሁሉም ዓይን ትልቅ ነው» እያሉ ተጨቃጨቁ። ከዚያ እኔን ጎትታ አመጣችኝ። ስንት ከሰዓት ጉልበቴን አቅፌ ከበሩ ብርሃን ፊት ተቀመጥኩ። ሲያልቅ እናቴ ብዙ ቆማ አየችው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን እንዳነብላት አዘዘችኝ። ማንበብ አትችልም፤ መሪጌታ ያነበቡላትንም አላመነችም። ፊደል እየቆጠርኩ «ተማኅፀነ ገብረ ማርያም» አልኳት። ደግመሽ አለችኝ። ደገምኩ። ያኔ ነው ነጠላዋን አጣፍታ የሰገደችው።

ጣጣው የመጣው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሁዳዴ ነበር፤ ደብረ ዘይት አልፎ ፋሲካ እየቀረበ። መሪጌታ ስንዱን በየቤቱ ላኳት። «እንቁላል ካላችሁ አባቴ ስጡኝ ብለዋል።» ለምን እንደሆነ አትናገርም። ዶሮ አይጾምም፤ በሁዳዴ እንቁላል ገለባ ውስጥ ተሞልቶ ፋሲካንና የወገዳን ገበያ ይጠብቃል። ሴቶቹ ለደብር ሥራ ነው ብለው ሰጡ። ሰጥተው ግን ማማት ያዙ። አንዷ ደፍራ መሪጌታን ብትጠይቃቸው «ሙያ በልብ ነው» ብለው ዞሩባት። በጾም እንቁላል የሚለቅም ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው።

እቴ ላቀች ምላሷ የሰላ ነበር። «እኔ መሪጌታ ጾሙን በጸሎት የሚዘልቁት መስሎኝ፤ ለካ በእንቁላል ነው!» ብላ ውኃ መቅጃው ላይ ሴቱን ሁሉ አሳቀች። እናቴ ግን አልሳቀችም። በነጋታው ጧት እቴ ላቀች ነጠላዋን አጥፋ እንደ ስንዴ ያቀፈችውን ይዛ መጣች፤ ቤታችን ደጃፍ ላይ ዘረገፈችው። የእንቁላል ቅርፊት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ፣ ከወይራው ሥር ተቆፍሮ አገኘሁት አለች። ውስጡ ተልሶ ነጥቷል፤ የአስኳል ጠብታ እንኳ አልቀረበትም።

እናቴ ቅርፊቱን አንስታ ወደ ብርሃን አየችው፣ አሸተተችው። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ እንደዚያ ሲገረጣ አይቼ አላውቅም ነበር። «ጾም በገደፈ እጅ ተሥሎ…» አለችና ቃሉን አልጨረሰችውም። እኔ ልጅ ብሆንም ገባኝ። ስለቱ ካልሠመረ እመቤታችን ቢያድግልኝን አታየውም ማለት ነው። ሌላ ሥዕል የምታሠራበት አቅም አልነበራትም፤ የነበራትን ሁሉ ለዚህ ጨርሳለች። ነጠላዋን አነሣችና ወደ ገበዙ ቤት ሄደች። እቴ ላቀች ቅርፊቱን መልሳ ሰብስባ ተከተለቻት። እኔም ተከተልኩ።

እንግዲህ ገበዙን ይዘን መጥተን ሰንበቴው ቤት ውስጥ የተገናኘነው እንዲህ ነው። ሥዕሉ በጣውላ ተወጥሮ ግድግዳውን ተደግፏል። ስንዱ ጣባውን ታቅፋ በጭራሮ የሚመታ ነገር ትመታለች፤ እንደ ሳሙና አረፋ ነጭ ሆኖ ይነሣል። ቄስ አየነው ቅርፊቶቹን በመቋሚያቸው ጫፍ ገፋ አደረጉና «መሪጌታ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

መሪጌታ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ገበዝ፣ አንቱም?» አሉ።

«እኔ ጠየቅኩ እንጂ አልፈረድኩም።»

«የጠየቁኝ ሆዴን ከሆነ ሽምብራ ቆሎ ነው የበላሁ። ሥዕሉን ከሆነ፣ አዎ፣ እንቁላል ይቀባል። ጾም የሚጾመው ጉሮሮ ነው፤ ግድግዳ አይጾምም።»

«ቅርፊቱን ታዲያ ማን ላሰው? ግድግዳው?» አለች እቴ ላቀች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከጉልላታችሁ ላይ ያለውን የሰጎን እንቁላል በሁዳዴ ታወርዱታላችሁ?»

ገበዙ ጢማቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሳቅ እንደነበረበት ያኔም አውቄያለሁ። መሪጌታ ቀጠሉ። የሚፈልጉት ነጩን ብቻ እንደሆነ፣ አስኳሉን ጾመኛ አይቶ እንዳይጎመጅ ከነቅርፊቱ ከወይራው ሥር እንደቀበሩት ተናገሩ። እቴ ላቀች «የተቀበረ ነገር ራሱ አይወጣም» ልትል አፏን እንደከፈተች፣ ውሻዋ እሷን ፈልጎ በበሩ ብቅ አለ። አፍንጫው ላይ አፈር አለ። ጢሙ ላይ ደግሞ ቢጫ ነገር ደርቆ ተጣብቋል።

ሁላችንም ውሻውን አየነው። ውሻውም አየን።

«ላቀች፣ ይህ የማን ውሻ ነው?» አሉ ገበዙ።

«የኔው ነው አባ፤ ግን…»

«እንግዲያው የንስሐ አባት ፈልጊለት።»

ስንዱ ጣባውን ይዛ እስክትንቀጠቀጥ ሳቀች። መሪጌታም ፊታቸው ተፈታ። እቴ ላቀች ውሻውን በነጠላዋ ጫፍ እየመታች አስወጣችውና እሷ ራሷ ግን አልወጣችም፤ ነገሩን ሳታይ እንዴት ትሄዳለች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቅርታ ብሎ ይሄድ ነበር። እናቴ አልሄደችም። «ውሻውስ ይሁን» አለች። «ልጄ ላይ የምትቀቡትን ግን በዓይኔ ልይ።» መሪጌታ ይህን ሥራ በሰው ፊት ሠርተው እንደማያውቁ ተናገሩ። እናቴ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። በመጨረሻ አንድ ቁራጭ አቡጀዲ አመጡ። ግማሹ ቀይ ቀለም ብቻ ነው፤ በግማሹ ላይ ቀለሙ በእንቁላል ነጭ ተቀብቷል። «ጣትሽን አርጥቢና አሺው» አሏት። ባልተቀባው ላይ ስታሸው ጣቷ ደም መሰለ። በተቀባው ላይ ስታሸው ጣቷ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ያኔ ምክንያቱን ነገሯት። ይህ ቀለም አፈርና ሙጫ ነው፤ በውኃ የተበጠበጠ በውኃ ይለቃል። ሕዝቡ ሥዕል ሲሳለም በከንፈሩ ነው የሚስም፤ ሴቱም እያለቀሰ ነው የሚስም። ካልተሸፈነ ከዓመት በኋላ ከእመቤታችን እግር ሥር ያለው ሁሉ በሰው አፍ ተወስዶ ያልቃል። ነጩ ግን ተመትቶ፣ አረፋው ሰክኖ፣ ከሥር የሚወጣው ጥሩው ውኃ ሲቀባ እንደ ቆዳ ሆኖ ይይዘዋል። የሚቀባውም አንዴ ብቻ ነው፣ ባንድ ሰረዝ፤ ተመልሰው ከነኩት ከሥሩ ያለውን ቀለም ያነሣዋል። «ስለዚህ ስሠራ አትናገሩኝ፣ አትንኩኝ» አሉ።

ትናንት ተመትቶ የሰከነውን ስንዱ ከሌላ ጣባ አቀረበች። መሪጌታ አማተቡና ከላይ ጀመሩ። ብሩሹ ያለፈበት ሁሉ ጠቆረ፤ የእመቤታችን ሰማያዊ ልብስ ዝናብ ሊዘንብ ያለ ሰማይ መሰለ። እናቴ ትከሻዬን ጨብጣ ይዛኛለች። ስንዱ ቀስ ብላ «ሲደርቅ ይመለሳል እመይቴ» አለቻት። ሰምታት ይሁን አይሁን አላውቅም። ብሩሹ ወረደ፣ ወረደ፣ የወንድሜ ግንባር ላይ ደረሰ። ቅንድቡ ጠቆረ። ጉንጩ መጥቆር ሲጀምር እናቴ ከአጠገቤ የለችም።

«ፊቱን ተዉልኝ!»

የመሪጌታን አንጓ በሁለት እጇ ይዛለች። ብሩሹ ጉንጩ ላይ ቆመ። ሊያነሡት ሲሞክሩ እሷ ሳበች፣ እሳቸው ሳቡ፤ ብሩሹ ተመልሶ ሄደበት። ሲነሣ ቀለሙም አብሮ ተነሣ። ስርጉዱ በነበረበት ነጭ አቡጀዲ ወጣ፣ ቡናማው ቀለም እስከ አገጩ ተንጠባጠበ።

መሪጌታ ብሩሹን ጣባው ውስጥ ወረወሩና ወደ ውጪ ወጡ። እናቴ እጇን ታያለች፤ ጣቶቿ ላይ የልጇ ጉንጭ ቀለም አለ። አላለቀሰችም። እጇን ወደ ልብሷ እንዳትጠርገው ከሰውነቷ አርቃ ይዛዋለች፤ የት እንደምታደርገው ያጣች ትመስል ነበር።

ያኔ ስንዱ ጣባውን አስቀመጠች። መጥታ አገጬን ያዘችና ፊቴን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። «እመይቴ» አለቻት፣ «ጉንጩ ይኸው፤ የትም አልሄደም። እንደገና እንወስደዋለን።»

ለአባቷ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ እሳቸው ወደተቀመጡበት ወደ ወይራው ሥር ሄዳ ብዙ ቆየች። መሪጌታ ተመልሰው ተቀመጡና እኔን ቦታዬ ላይ አስቀመጡኝ። የሁዳዴ ፀሐይ የረጠበውን ቶሎ አደረቀው፤ ጉንጩን ደግመው ሣሉት። ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው እኔን ይመስላል፤ ይህን እናቴም ታውቅ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ግን አልተናገረችውም። የተሣለው ደርቆ መቀባቱ ሲደርስ መሪጌታ ብሩሹን አነሡ፤ ጉንጩ አጠገብ አድርሰው ግን መልሰው አስቀመጡት። እናቴ «በስንዱ እጅ ይሁንልኝ» አለች።

መሪጌታ ገበዙን አዩ። ገበዙ መሬት መሬት አዩ። እናቴ ነገሩ ገባትና ወደ ስንዱ ጠጋ ብላ ሴት ለሴት የምትጠይቀውን በጆሮዋ ጠየቀቻት። ስንዱ «ደህና ነኝ» አለችና አማተበች። ገበዙ «በስመ አብ ብለሽ ጀምሪ» አሉ። ስንዱ ብሩሹን ከመንከሯ በፊት የእናቴን እጅ ወስዳ የራሷን ቀሚስ ጫፍ አስያዘቻት። «ይህን እንደፈለግሽ ጎትቺ፤ እጄን ግን ለኔ ተዪልኝ።» ትንፋሿን ያዘች። ከግንባር እስከ አገጭ አንድ ሰረዝ። እናቴ ቀሚሱን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር፤ ዓይኗ ግን አልተከደነም።

በነጋታው ጧት ሲደርቅ ሄድን። ሰማያዊው ተመልሷል፣ የወንድሜም መልክ በርቷል። ስንዱ «አሁን ሳሚው» አለቻት። እናቴ ተንበርክካ ጉንጩን ሳመችው፤ ረጅም መሳም ነበር። ከዚያ ቀና አለችና የነጠላዋን ነጭ ጫፍ በከንፈሯ ላይ ጠርጋ፣ ወደ ብርሃን አውጥታ አየችው። ምንም ቀለም የለበትም። እንደገና ጠርጋ እንደገና አየች። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

አሁን ወዳላየሁት ነገር ልምጣ። በዚያው ጧት መሪጌታ ከከረጢታቸው አንዲት ጠርሙስ አወጡ። ክዳኑ ሲከፈት የጥድ ሙጫና የላምባ ሽታ ያለው ነገር ሸተተኝ። ለገበዙ የሣሏት ትንሽ የጣውላ ሥዕል ነበረች፤ እሷ ከከተማ በመጣ የዘይት ቀለም የተሣለች ናት፣ ለወራት ስትደርቅ የቆየች። ስንዱ «ይሄ ለጣውላዋ ነው፤ ጨርቁ ውኃ ጠጥቶ ያደገ ነው፣ ዘይት አይወድም» ስትል ሰምቻለሁ። መሪጌታ አንድ ነገር መለሱላት፤ «እንቁላሉ ካደረ በኋላ» የሚል ቃል ጆሮዬ ገብቷል። የቀረውን ሳልሰማ የትምህርት ቤት ደወል ተደወለ፣ እናቴም «ሂጂ!» አለችኝ። ስመለስ ሥዕሉ ተነሥቶ ቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ በሴቶች በኩል ተለጥፏል። ከጠርሙሱ ተቀብቶ ይሁን ሳይቀባ አላየሁም።

ቢያድግልኝ አልመጣም። ሠራዊቱ ተበትኖ ሰው ሁሉ በየመንደሩ ሲመለስ እናቴ የተመለሰውን ሁሉ ሄዳ ጠየቀች፤ አየሁት ያላትን አንድም ሰው ግን አላገኘችም። አየሁት የሚል ቢመጣም እንኳ ምልክት ሳትጠይቀው የምታምን አልነበረችም። እስክታርፍ ድረስ እሑድ እሑድ ያንን ጉንጭ ትስም ነበር። ከሳመች በኋላ ነጠላዋን ማየቱንም አልተወችም።

እኔ አሁን ወገዳ ነው የምኖር። የግንቦት ልደታ ዕለት ወደ ደብራችን ስሄድ ሥዕሉ በጧፍ ጢስ ጠይሟል፤ ጫፉ ላይ ተላቅቋል፣ የሚሳምበትም ቦታ ደብዝዟል። ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ሊያድሰው አስቧል። የሚያስተባብረው ልጅ ጨዋ ነው፣ በእጁ ቆርቆሮ ይዞ አሳየኝ። «እትዬ እናኑ፣ ቫርኒሽ ነው፤ አቧራ አያስጠጋም፣ ደግሞ ያበራል» አለኝ። ለበርና ለቁም ሣጥን የሚቀባው ነው። ክዳኑን አስከፍቼ አሸተትኩት። «ጨርቁ ይወደዋል?» አልኩት። «እትዬ፣ ቫርኒሽ ያው ቫርኒሽ ነው» አለኝ። ስብሰባ ሰው አይበላም እንደማለት ሆኖ ተሰማኝ።

እቤት ስመለስ አናጢ ጎረቤቴን ትንሽ የቫርኒሽ አተላ ለመንኩት። ልጄ ለትምህርት ቤት በውኃ ቀለም የሣለችውን ወረቀት አስፈቅጄ ግማሹን በቫርኒሹ ቀባሁት፣ ግማሹን እንደ ስንዱ በእንቁላል ነጭ። ቫርኒሹ የነካው ዘይት እንደጠጣ ብራና ሆነ፤ ቢጫ ሆነና የጀርባው ጽሑፍ አልፎ ታየ። ቢደርቅም አልተመለሰም። እንቁላሉ የነካው ደህና ነው፤ ደግሜ የሄድኩበት ቦታ ላይ ግን ቀለሙ ተነሣ። ልጄ ስልኳን ከፍታ አነበበችልኝ፤ ለዘይት ቀለም የሚሆነው ቫርኒሽ ሌላ፣ ለውኃ ቀለም የሚሆነው ሌላ፣ ዛሬ አክሪሊክ ለሚሉት ደግሞ ሌላ ነው ይላል። በቆዳ ሙጫ አቡጀዲ ላይ ተሥሎ እንቁላል ስለተቀባው ግን የሚለው ነገር የለም። «እማ፣ በስልክ አነሣዋለሁ፤ ቢበላሽም ይኖርሻል» አለችኝ። አነሣችልኝ። ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሳየው ግን የማየው የራሴን ጉንጭ ነው።

ያን ጊዜ ሰው የሚያውቀውን ይደብቅ ነበር፤ እኛም የማናውቀውን እንጠረጥር ነበር። ዛሬ ሁሉም ነገር በግልጽ ይነገራል፣ በቆርቆሮው ላይም ተጽፏል፤ የሚጠረጥር ሰው ግን ኋላ ቀር ይባላል። የትኛው እንደሚሻል ለመናገር እውቀት የለኝም። እኔ የማውቀው እናቴ ሁለት ጊዜ እንደተጎዳች ነው፤ አንዴ ሳትጠረጥር፣ አንዴ ጠርጥራ። ሁለተኛውን ያቀናላት ስንዱ ቀሚሷን ማስያዟ ነው።

ኮሚቴው እስከ መስቀል እጠብቃለሁ ብሎኛል። መሪጌታ አስረስ እንዳረፉ ሰምቻለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ስንዱን አንዱ መካነ ኢየሱስ አግብታለች ይላል፣ ሌላው ቤተ ልሔም አካባቢ መንኩሳ አየኋት ይላል፤ ሁለቱንም አላመንኩም። ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ፣ ከአባቷ ጋር ቀለም እየፈጨች በስማዳና በእስቴ ደብሮች የዞረች ሴት ናት። ያን ጧት ጠርሙሱ ጨርቁን ነክቶት እንደሆነና እንዳልሆነ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ነክቶት ከሆነ ቫርኒሹን ይችለው ይሆናል፤ ካልነካው ግን እንደ ልጄ ወረቀት ቢጫ ሆኖ እንዳይቀር እፈራለሁ። ስንዱ አስረስ በሕይወት መኖሯን፣ ያለችበትንም የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ወደ ወገዳ በሚመጣ ሰው ላኩብኝ።